የት/ቤት ጓሮ፦ የገቢ ማሳ ወይስ የትምህርት ገበታ?

በምዕራብ ሸዋ ከአዲስ ዓለም አንሥቶ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ባኮ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ከሚገኙት የገጠር ት/ቤቶች መካከል አያሌዎቹ የተሠሩት በአካባቢው ገበሬ ጉልበትና መዋጮ ነው። መሬቱን የለቀቀው ገበሬው ነው፤ ምሰሶውን ያቆመው፣ ጭቃውን ያቦካው፣ ለቆርቆሮው ያዋጣውም እርሱው ነው። ስለሆነም የት/ቤቱ ግቢ ለምን አገልግሎት ይዋል የሚለው ጥያቄ የርእሰ መምህሩ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሕዝብና የመሪዎቹም ጥያቄ ነው። ዛሬ ድርጅቱ የቀበሌ አስተዳደር ቢባልም ብዙ ሰው እስካሁን «ገበሬ ማኅበር» እያለ የሚጠራው ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ስንል ይህን ኃላፊነት የተሸከሙትን ሁሉ ማለታችን ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ይሁን እንጂ በቅርብ ዓመታት እንደገና እንዲነሣ ያደረጉ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ መዋል የጀመረው ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሙያና የቴክኒክ ትምህርትን፣ በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ደግሞ ግብርናን ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አድርጎ ማስገባቱ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ዓመት የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርና እየተስፋፋ የመጣው የተማሪዎች ምገባ፣ ት/ቤቶች በግቢያቸው ውስጥ አትክልት እንዲያለሙ መገፋፋታቸው ነው።

በዚህም የተነሣ በየወላጆች ስብሰባው ሁለት ሐሳቦች ሲፋጩ ይሰማል። አንዱ ወገን፣ «ት/ቤቱ የጠመኔና የወንበር መግዣ የለውም፤ መሬቱ ባሕር ዛፍ ይተከልበት፣ አለዚያም ለእኩል ይታረስና ገቢ ያምጣ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፣ «መሬቱ ልጆች የሚማሩበት ጓሮ ይሁን» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸው እውነት አላቸው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ማሳ ላይ ለማድረግ ሲሞከር ነው። እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ትናንት የተሞከረው

ምዕራብ ሸዋ በዚህ ረገድ ከሌላው አገር ቀድሞ የጀመረ ነው። የአምቦ እርሻ ት/ቤት የተቋቋመው በ1939 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ መመሥረት በፊት መሆኑ ነው። በዚያ ት/ቤት ተማሪው ስለ አፈርና ስለ ከብት የሚማረው በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሳይሆን በማሳና በበረት ጭምር ነበር። ከዚያ የወጡት በአገሪቱ የእርሻ ሥራ ውስጥ በባለሙያነት አገልግለዋል። ያ ት/ቤት ዛሬ አድጎ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በጉደርም የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ካምፓስ አለው። ከዚህም ሌላ በአምቦ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል፣ በሆለታና በባኮ ያሉትም የምርምር ማዕከላት ይህን አካባቢ የእርሻ ዕውቀት መናኸሪያ አድርገውታል።

ይሁንና ዕውቀቱ ከማዕከላቱ አጥር ወጥቶ ወደ አንደኛ ደረጃ ት/ቤቱ እንዲደርስ የተደረገው ሙከራ ቀላል አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ትምህርቱ ከአካባቢው ኑሮና ሥራ ጋር እንዲያያዝ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይህ ሲሰማ ከመምህራንም ከወላጆችም ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጥናት ነበር። የወላጁ ሥጋት ግልጽ ነው፤ «የከተማው ልጅ ሐኪምና ዳኛ ሲሆን የገበሬው ልጅ ዶማ ይዞ ይቅር ማለት ነው» የሚል ነበር። ጥናቱም ተነሣ።

ከመሬት አዋጁ በኋላ፣ ማለትም ከየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ወዲህ፣ በ20 ጋሻ ወይም በ800 ሄክታር ክልል የተደራጁት ገበሬ ማኅበራት ት/ቤት በመሥራትና መሬት በመስጠት ሰፊ ድርሻ ነበራቸው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲጀመርም የመማሪያ ዳስ የጣሉት እነርሱ ናቸው። በ1976 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 260 የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌዎች ተወካዮች የሚሳተፉባቸውን የት/ቤት አስተዳደር ኮሚቴዎች አጠናከረ። እርሻ፣ ባልትናና የእጅ ሥራም በትምህርት ዓይነትነት ይሰጡ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን እርሻ በአንደኛ ደረጃ ራሱን ችሎ መሰጠቱ ቀርቶ በአካባቢ ሳይንስና በመሳሰለው ውስጥ ተጠቃለለ። ዶማና አካፋው በየዕቃ ቤቱ ቀረ፤ የእርሻ መምህሩም ወደ ሌላ ትምህርት ተዛወረ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር አለ። ወላጁ የተቃወመው መሬቱን ወይም ሥራውን አይደለም፤ ልጁ ከትምህርት ተነጥሎ ወደ ሥራ መገፋቱን ነው። ይህ ሥጋት ዛሬም አልጠፋም። መልስ የሚያገኘውም ጓሮው የሒሳቡ፣ የሳይንሱና የቋንቋው መማሪያ ሆኖ በዓይን ሲታይ ብቻ ነው።

የሌላ አገር ትምህርት

በዚህ ረገድ የታንዛኒያ ነገር የሚጠቀስ ነው። በ1959 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ «ትምህርት ራስን ለመቻል» የሚለውን መመሪያቸውን ሲያወጡ፣ እያንዳንዱ ት/ቤት የራሱ እርሻ እንዲኖረውና ተማሪው እያረሰ እንዲማር ነበር የታሰበው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታዎች ሥራው ከትምህርቱ ተለየ። ተማሪው ጠዋት ይቆፍራል፣ ከሰዓት በኋላ ይማራል፤ ያረሰው ነገር በመማሪያ ክፍል ውስጥ አይነሣም። ሰብሉ ስንት ኩንታል ሆነ እንጂ ተማሪው ምን ተማረ ተብሎ አልተጠየቀም። በመጨረሻም ልጆቹ ሥራውን እንደ ግዴታ፣ ወላጆቹም እንደ ብዝበዛ አዩት።

ከእኛም አገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአያሌ ት/ቤቶች ያረፈደ ወይም ያጠፋ ተማሪ ግቢ እንዲቆፍር ወይም ሣር እንዲያጭድ ይታዘዛል። ልጁ ከዚህ የሚወስደው ትምህርት አፈር መቆፈር ቅጣት ነው የሚል ነው። የአባቱ መተዳደሪያ የጥፋተኛ ቅጣት ከሆነ ልጁ አባቱን እንዴት አድርጎ ያክብር? ጓሮውን የትምህርት ገበታ ለማድረግ የሚያስብ ት/ቤት መጀመሪያ ይህን ልማድ ማቆም አለበት።

የገቢ ማሳና የትምህርት ጓሮ

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንመለስ። ለገቢ የሚለማ ማሳ ስፋት ይፈልጋል፤ አንድ ዓይነት ሰብል ይፈልጋል፤ ጉልበት ያለው ሠራተኛ ይፈልጋል። የትምህርት ጓሮ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ትንሽ ሆኖ ብዙ ዓይነት ተክል የያዘ፣ ልጅ በዓይኑ ሊከታተለውና በእጁ ሊነካው የሚችል መሆን አለበት። በገቢ ማሳ ላይ የበሰበሰ ድንች ኪሳራ ነው። በትምህርት ጓሮ ግን ለምን በሰበሰ ተብሎ ስለሚመረመር ትምህርት ነው።

ስለዚህ የሚሻለው ሁለቱን መለየት ነው። ት/ቤቱ ሰፋ ያለ መሬት ካለው ከፊሉ ለገቢ ይዋል፤ ባሕር ዛፍም ሊሆን ይችላል። ባሕር ዛፍ በዚህ አካባቢ ባለውለታ መሆኑ አይካድም። አፄ ምኒልክ በአዲስ አበባ የማገዶ እንጨት ስላለቀ መዲናቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ ጀምረው እንደነበርና፣ አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆያት ባሕር ዛፍ መሆኑን የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያውቁት ታሪክ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ከጓሮው አጠገብ ከቆመ የአትክልቱን ውሃ ይሻማል፤ ጥላውም ያቀጭጨዋል። ከመማሪያው ጓሮ ራቅ ብሎ ይተከል። ለልጆቹ የሚለየው ቦታ ደግሞ ሰፊ መሆን የለበትም።

ምን ያህል ይበቃል የሚለውን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አንድ መደብ 10 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው 12 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህ ስፋት ልጅ ከግራና ከቀኝ ቆሞ መደቡን ሳይረግጥ መሐሉን እንዲኮተኩት ያስችለዋል። ጥቅል ጎመን በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢተከል በርዝመቱ 25፣ በስፋቱ 3 ረድፍ፣ በድምሩ 75 ችግኝ ይይዛል። የ4ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ማባዛት በደብተር ላይ ብቻ ከሚሠራው ይልቅ በገመድና በችካል ለክቶ ቢሠራው አይረሳውም። ከ75ቱ ስንቱ ጸደቀ ተብሎ ሲቆጠርም የመቶኛ ትምህርት ይሆናል።

አፈሩም ራሱ መምህር ነው። በጊንጪ ዙሪያ ያለው መረሬ፣ በአካባቢው አጠራር ኮትቻ፣ በክረምት ውሃ ይዞ ሥር ያበሰብሳል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። በዚሁ አካባቢ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው ውሃውን የሚያጠነፍፍ ሰፊ መደብ የሚያወጣ ማረሻ ሞክረዋል። አንድ ት/ቤት አንዱን መደብ ከፍ አድርጎ፣ ሌላውን ደልዳላ አድርጎ አንድ ዓይነት ዘር ቢዘራበት ልጆቹ ልዩነቱን በአንድ ክረምት ውስጥ ያዩታል። በደጋው፣ ለምሳሌ በጀልዱ በኩል፣ አፈሩ ኮምጣጣ በሆነበት ቦታ አንዱን መደብ ኖራ ጨምሮበት ሌላውን ሳይጨምርበት ማነጻጸር ይቻላል። ይህ ከመጽሐፍ የማይገኝ የሳይንስ ትምህርት ነው።

ይህ አካሄድ ለአዋቂው ገበሬም ተሞክሮ ውጤት የሰጠ ነው። የሆለታ ምርምር ማዕከል በጀልዱና በገለሳ አካባቢ ከድንች አምራቾች ጋር በማሳ ላይ ትምህርት ሲያካሂድ፣ ገበሬዎቹ በክረምት በድንች ቅጠል ላይ የሚወርደውን በሽታ በየሳምንቱ እየተመለከቱ፣ ዝርያዎችን እያወዳደሩ ነበር የተማሩት። ጀልዱ ዛሬ በዘር ድንች መታወቁ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ የተለየ አይደለም። ለአባት የጠቀመ የማሳ ትምህርት ለልጅም ይጠቅማል።

ከባዱ ችግር ወቅቱ ነው

በብዙ ት/ቤቶች የተጀመረው ጓሮ ለምን ይጠፋል? መልሱ ብዙ ጊዜ ከስንፍና ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያ የሚመጣ ነው። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» እንደሚባለው ለተክል ሁሉ ወቅት አለው። በምዕራብ ሸዋ ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ት/ቤት ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ዝግ ነው። ማለትም ውሃ ሲኖር ተማሪ የለም፤ ተማሪ ሲኖር ውሃ የለም። በሰኔ የተተከለው በክረምት አረም ይውጠዋል። በጥቅምት የተተከለው በታኅሣሥ ይደርቃል። ከዚያም የአዝመራው መሬት ሲለቀቅ በየሜዳው የሚሰማራው ከብት የቀረውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጓሮው በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በክረምት ጠባቂ፣ በበጋ ውሃ፣ ዓመቱን ሙሉ አጥር።

ከሦስቱ ውሃው በሒሳብ መታሰብ አለበት። በደረቁ ወራት አንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል ብንል፣ ባለ 12 ካሬ ሜትሩ መደብ በቀን 60 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ይጠጣል። ሃያ መደብ ያወጣ ት/ቤት በቀን 60 ጀሪካን ሊያቀርብ ነው። ይህን ማንም አይችለውም። በአምስት መደብ ከተወሰነ ግን 15 ጀሪካን፣ ማለትም 300 ሊትር ይሆናል። ይህም ወንዝ ወይም ምንጭ ቅርብ ከሆነ በተራ ሊቀርብ የሚችል ነው። በሣርና በገለባ አፈሩን ማልበስ ፍላጎቱን ይቀንሰዋል። እንግዲህ የጓሮው ስፋት በመሬቱ ሳይሆን በውሃው ልክ ይወሰን የሚለው የመጀመሪያው ደንብ ሊሆን ይገባል።

የቆርቆሮ ጣሪያም አንድ የውሃ ምንጭ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የሚዘንብ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 24 በ8 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍሎች ጣሪያ 192 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ አንድ የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶለት እንኳ 3000 ሊትር ያህል ሊያጠራቅም ይችላል። ይሁንና 10 000 ሊትር የሚይዝ ጋን ቢሞላ ለአምስቱ መደቦች የሚበቃው ለ33 ቀን ብቻ ነው። ስለሆነም ጋኑ ችግኝ የሚፈላበትን ወር ያሻግራል እንጂ በጋውን በሙሉ አይዘልቅም። ይህን አስቀድሞ አውቆ ማቀድ በኋላ ከማዘን ያድናል። በጉደር በኩል እንደ ኢንድሪስ ያለ የመስኖ ውሃ በቅርብ ያላቸው ት/ቤቶች የተሻለ ዕድል አላቸው። እነርሱም ቢሆኑ ከመስኖ ተጠቃሚዎች ኮሚቴ ጋር ተነጋግረው ቋሚ የውሃ ተራ ካላገኙ ውሃው በአጥራቸው ሥር እያለፈ ጓሯቸው ይደርቃል። በአምቦና በሌሎቹ ከተሞች ያሉት ት/ቤቶች በበኩላቸው ጥንቃቄ ማድረግ ያለባቸው፣ የከተማ ፍሳሽ የተቀላቀለበትን ወንዝ እንደ ሰላጣና ካሮት ባለ ጥሬውን በሚበላ አትክልት ላይ እንዳያፈሱ ነው።

የተክሉ ምርጫም ከወቅቱ ጋር ይሂድ። ት/ቤት ከመዘጋቱ በፊት ድንች፣ ባቄላና ዱባ ቢተከሉ ብዙ ጥበቃ ሳይፈልጉ በክረምቱ ዝናብ ያድጋሉ። ልጆቹ በመስከረም ሲመለሱ የሚያዩትና የሚሰበስቡት ያገኛሉ። በጥቅምት ደግሞ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ ካሮትና ቆስጣ በአምስቱ መደቦች ይከተላሉ። በዳር በዳሩ እንሰት፣ ጌሾ፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ቢተከሉ ውሃ ባይኖርም በጋውን ይቋቋማሉ። በተለይ እንሰት ድርቅ የሚችል በመሆኑ ጓሮው በበጋ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል።

በጎ ፈቃደኛው ማን ነው?

ከላይ የተባለው ሁሉ ያለ አካባቢው ሰው እገዛ አይሆንም። መምህሩ በክረምት ወደ ቤተሰቡ ወይም ወደ ሥልጠና ይሄዳል። ሌላ ቦታ ሲመደብም ጓሮውን ትቶ ይሄዳል። የማይሄደው የአካባቢው ሰው ነው። ስለዚህ ጓሮው በአንድ ትጉ መምህር ላይ ብቻ ከተንጠለጠለ ዕድሜው የመምህሩን የቆይታ ጊዜ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ «በጎ ፈቃድ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ መጠቀም ያስፈልጋል። ገበሬው በየዓመቱ በጥርና በየካቲት በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሥራ ላይ ያለ ክፍያ በርካታ ቀናት ይሠራል። በክረምት ለችግኝ ተከላ ይወጣል። ለመንገድና ለሌላም ያዋጣል። በዚህ ላይ የት/ቤት ጓሮ በስም ጥሪና በቅጣት የሚሠራ ሌላ ግዴታ ሆኖ ከመጣ ሰውየው ይመጣል፣ ልቡ ግን አይመጣም። የሚሻለው ጥቂት ሰዎች በፈቃዳቸው፣ በታወቀ ቀን፣ ለታወቀ ሥራ ቢመደቡ ነው።

በአካባቢው የቆየው ልማድ ለዚህ የሚሆን መንገድ አለው። ደቦና ዳዶ ለእርሻና ለአጨዳ የሚውሉ የመረዳጃ ዘዴዎች ናቸው። ቡሳ ጎኖፋ ደግሞ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጉዳት የደረሰበትን በጋራ የመደገፍ ሥርዓት ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ለአጥር፣ አንድ ጊዜ ለመደብ ዝግጅት፣ የግማሽ ቀን ደቦ ቢጠራ ከባዱ ሥራ ያልቃል። ቀኑም የጤፍ ዘር በሚዘራበት በሐምሌ ወይም አጨዳ በሚበረታበት በኅዳርና በታኅሣሥ መሆን የለበትም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከጉልበት የሚበልጠው ግን የዕውቀት በጎ ፈቃደኝነት ነው። በገጠሩ ቤት ጓሮውን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው። የጎመን ዘር እንዴት እንደሚያዝ፣ እንሰት መቼ እንደሚነቀል፣ የትኛው ቅጠል ለየትኛው ሕመም እንደሚሆን የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ሆኖም ለት/ቤት ስብሰባ በአብዛኛው የሚጠሩት አባወራዎች ናቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ አንዲት እናት ወይም አንድ ሽማግሌ ለ40 ደቂቃ መጥተው ልጆቹን በመደቡ ዳር ቢያስተምሩ ትልቅ ነገር ነው። በክልሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ በመሆኑ፣ እኒህ ሰዎች ቃላቸው በቀጥታ ከመጽሐፉ ቋንቋ ጋር ይገጥማል፤ አስተርጓሚ አያሻቸውም። ፊደል ያልቆጠሩ እናት በልጃቸው ት/ቤት መምህር ሆነው ሲቆሙ ልጁ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

የግብርና ልማት ሠራተኞችም በየቀበሌው አሉ። የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከሉና ት/ቤቱ ብዙ ጊዜ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ሥራቸው አይገናኝም። የልማት ሠራተኛው በወር አንድ ቀን ለጓሮው ቢመድብ፣ ማዕከሉም የተረፈውን ዘርና ችግኝ ቢያካፍል ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።

የአካባቢው ሕዝብ በጋራ ንብረት ላይ ኃላፊነት ሲሰጠው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማየት በጊንጪ አጠገብ ያለውን የጭሊሞን ደን መመልከት ይበቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ በፋርም አፍሪካ ድጋፍ በተጀመረው የአሳታፊ ደን አስተዳደር የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ የጥድና የወይራውን ደን የመጠበቅ ኃላፊነትና ከደኑ የመጠቀም መብት በስምምነት ተቀበሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ኃላፊነትና ጥቅም አብረው ካልሄዱ ጥበቃ እንደማይዘልቅ ነው። ጓሮውም እንዲሁ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ከችግኙና ከዘሩ ድርሻ ይኑረው።

ከጓሮው ወደ ቤት

ጓሮው በመጨረሻ የሚለካው በልጁ ጤናና ዕውቀት ነው። በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 58 በመቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ወደ 38 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 37 በመቶ ሆኗል። መሻሻሉ ትልቅ ቢሆንም በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዝግ ማለቱ ይታያል። እህል በሚትረፈረፍበት በምዕራብ ሸዋ ገጠር የብዙ ልጆች ገበታ እንጀራና ሽሮ ሆኖ ይውላል። የጎደለው ብዙ ጊዜ የምግቡ ብዛት ሳይሆን ዓይነቱ ነው።

የት/ቤት ጓሮ ይህን ብቻውን ይፈታዋል ማለት ግን ስሕተት ነው። በአምስት መደብ የበቀለ ጎመን ለአያሌ መቶ ተማሪዎች ምገባ አይበቃም። በዓለም የአትክልት ማዕከል ተመራማሪዎች በኔፓል የተደረገ ጥናት፣ የት/ቤት ጓሮ የልጆቹን ዕውቀት ቢጨምርም የሚበሉትን አትክልት ብዙም እንዳልለወጠው አሳይቷል። በኋላ በዚያው አገር የት/ቤቱ ጓሮ ከየወላጁ የቤት ጓሮ ጋር ተያይዞ እናቶችም ሲሠለጥኑ ግን ልጆቹ የሚበሉት አትክልት ጨመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጅ የሚበላው እናቱ የሠራችውን ነው።

ስለሆነም በት/ቤቱ የችግኝ መደብ የፈላው ችግኝ ዋና መድረሻው የልጁ ቤት መሆን አለበት። እያንዳንዱ ተማሪ 10 ችግኝ ይዞ ቢሄድና በቤቱ ጓሮ ቢተክል፣ 300 ተማሪ ያለው ት/ቤት 3000 ችግኝ በየመንደሩ አሠራጨ ማለት ነው። ይህን ያህል በት/ቤቱ ግቢ ለማልማት 40 መደብ ያስፈልግ ነበር፤ ውሃውም አይቻልም ነበር። ችግኙ ጸደቀ አልጸደቀም ብሎ በወሩ የሚጠይቀው መምህርም የቤት ሥራ ሰጠ፣ ወላጁንም አገኘ ማለት ነው።

የመሪዎች ድርሻ

ባለፉት ዓመታት በዞኑ አንዳንድ ወረዳዎች የደረሰው የፀጥታ ችግር ትምህርትን እንዳስተጓጎለ ይታወቃል። እንዲህ ባለ ጊዜ ት/ቤቱን ከአካባቢው ሰው ጋር የሚያቆራኝ ማናቸውም ሥራ ዋጋው ከፍ ይላል። የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊወስኗቸው የሚገቡት ጉዳዮች ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ፣ ነገር ግን ከእነርሱ ሌላ ማንም ሊወስናቸው የማይችል ናቸው።

አንደኛ፣ የጓሮው መሬት ይለካ፤ ከገቢ ማሳው ተለይቶ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ርእሰ መምህር በተለወጠ ቁጥር አገልግሎቱ እንዳይለወጥ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ከአዝመራ በኋላ የሚለቀቀው ከብት ወደ ት/ቤት ግቢ እንዳይገባ በአካባቢው መተዳደሪያ ደንብ ይወሰን። ደንቡ የመሪዎቹንም ከብት እንደማንኛውም ሰው ከብት የሚመለከት መሆን አለበት፤ አለዚያ ማንም አያከብረውም።

ሦስተኛ፣ ለሐምሌና ለነሐሴ የጓሮ ጠባቂዎች ስም በሰኔ ወላጆች ስብሰባ ላይ ይታወቅ። አራት ቤተሰብ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሳምንት ቢይዝ ክረምቱ ያልፋል።

አራተኛ፣ የልጆቹ ሥራ ይወሰን። በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ክፍለ ጊዜ አይብለጥ፤ ከትምህርቱም ጋር የተያያዘ ይሁን። ውሃ መቅዳት የሴት ልጆች ብቻ ሥራ እንዳይሆን ይታይ። ጥፋተኛን በጓሮ ሥራ መቅጣት ይቁም። የፀረ ተባይ መርዝ ከልጆች እጅ ይራቅ። ጓሮው የመምህራን የግል ማሳ እንዳይሆንም ይጠበቅ።

አምስተኛ፣ ከጓሮው የወጣው ሁሉ ይመዝገብ። ስንት ኪሎ ተገኘ፣ ስንቱ ተበላ፣ ስንቱ ተሸጠ፣ ገንዘቡ የት ገባ የሚለው በወላጅ፣ መምህራንና ተማሪዎች ኅብረት ፊት በየሩብ ዓመቱ ይነበብ። መዝገቡን ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢይዙት የሒሳብ ትምህርት ከመሆኑም በላይ፣ የሕዝብ ንብረት እንዴት እንደሚያዝ ከልጅነታቸው ይማሩበታል። ብዙ የጋራ ሥራ የሚፈርሰው በድርቅ ሳይሆን በሒሳብ አለመታየት መሆኑን ከመሪዎች የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከእነዚህ አምስቱ ውስጥ ከውጭ እርዳታ የሚጠይቅ አንድም የለም። በሰፊው ጀምሮ በበጋ ከማድረቅ በአምስት መደብ ጀምሮ ሦስት ዓመት ማዝለቅ ይበልጣል። በመጀመሪያው ዓመት መሬቱና አጥሩ፣ በሁለተኛው ውሃውና የችግኝ መደቡ፣ በሦስተኛው ወደ ቤት የሚሄደው ችግኝ ቢደራጅ ሥራው ሥር ይይዛል። የአጥሩ ደቦ ከአዝመራ መሰብሰብ በኋላ፣ የመደቡ ዝግጅት ደግሞ በግንቦት ሊደረግ ስለሚችል፣ ጉዳዩ በቅርቡ በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ አጀንዳ ላይ እንዲያዝ ማድረግ የየገበሬ ማኅበሩ መሪዎች የመጀመሪያ ሥራ ይሆናል።